«ኬኬኤን ዲ ዴሳ ፔናሪ» ለስንት ዓመት ልጅ ነው? አንዱ 13+ ሌላው 17+ ይላል

ድብብቆሽ
ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄዬ ስለ ኢንዶኔዥያው ሆረር «ኬኬኤን ዲ ዴሳ ፔናሪ» ነው። አንዱ ገጽ 13+ ይለዋል፣ ሌላው 17+። የእስያ ሆረሮች በአማርኛ እየተተረኩ ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ ስለሚለቀቁ የ9 እና የ13 ዓመት ልጆች ያሉበት ቤት ዛሬ ባይገባ ነገ መግባቱ አይቀርም። የትኛው ቁጥር ነው የሚታመነው? «ፊልም ነው፣ ምን ችግር አለው» እና «የሰይጣን ሥራ ነው፣ አጥፉት» የሚሉትን መልሶች አውቃቸዋለሁ። ፊልሙን የሚያውቅ ሰው ምን ምን እንዳለበት ቢነግረን ነው የምፈልገው።

ሰምና_ወርቅ
ሁለቱም ቁጥር ትክክል ነው፤ ፊልሙ ራሱ ሁለት ነውና። ታሪኩ በ2019 «ሲምፕልማን» በሚል ስም ትዊተር ላይ በተከታታይ የተለጠፈ ጽሑፍ ነበር (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። ኤምዲ ፒክቸርስ ወደ ፊልም አመጣው፣ ዳይሬክተሩ አዊ ሱርያዲ ነው። በ2020 ሊወጣ ሲል ኮሮና ደረሰ፤ ሲኒማ የገባው ኤፕሪል 30 ቀን 2022 ነው። ያኔ ሁለት ቅጂ ጎን ለጎን ታየ፦ የተቆረጠው 13+፣ ያልተቆረጠው 17+። በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ የረዘመ ቅጂም ተጨምሯል።

የኢንዶኔዥያ ፊልም ሳንሱር መሥሪያ ቤት፣ ኤልኤስኤፍ የሚሉት፣ አራት እርከን ነው ያለው፦ ለሁሉም ዕድሜ፣ 13+፣ 17+፣ 21+። ከ13+ ቅጂው በዋናነት የቀነሱት የወሲብ ትዕይንቱንና ስድቡን ነው። መንፈሷ፣ እባቡ፣ ጫካው፣ ሞቱ እንዳሉ ናቸው። ወላጅ 13+ ሲያይ «ቀለል ያለው» ይመስለዋል፤ ፍርሃቱ ግን ከሁለቱም ላይ አልተነካም።

የያዛችሁት የትኛው ቅጂ እንደሆነ ለማወቅ መጀመሪያውን አትዝለሉት። ፊልሙ ሳይጀምር የሳንሱር ማለፊያ ወረቀቱ ስክሪን ላይ ይመጣል፣ የዕድሜ እርከኑም እሱ ላይ ተጽፏል። ይህ ገጽ ተቆርጦ የወጣበት ፋይል ከደረሳችሁ 17+ ነው ብላችሁ ያዙት።

አዜብ_ነፋስ
ትዕይንት በትዕይንት ከተባለ እንሂድ። ላላየ ሰው፣ ታሪኩን ከነመጨረሻው ነው የምናገረው።

ስድስት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ለማኅበረሰብ አገልግሎት በኢንዶኔዥያዋ የጃቫ ደሴት ጫካ ውስጥ ወዳለ መንደር ይሄዳሉ። መንደሩ የማይረገጥ ቦታ አለው። ቢማና አዩ ይረግጡታል፣ እዚያም ይተኛሉ። የቦታው ባለቤት ባዳራውሂ ናት፤ ሲያሻት ዳንሰኛ፣ ሲያሻት እባብ። ቢማና አዩ በሕይወታቸው ይከፍላሉ፤ ዊድያና ኑር ደግሞ ምንም ሳያጠፉ ይሳደዳሉ።

ደሙ ያን ያህል አይደለም። ፊልምን በደም ብዛት የሚመዝን ወላጅ እዚህ ላይ ይሸወዳል። ልጅ ላይ የሚቀሩት እነዚህ ናቸው፦

መታጠቢያው። በእንጨት የታጠረች፣ ከቤት ራቅ ያለች ክፍል ናት። አንዷ ትታጠባለች፣ ሌላዋ ውጪ ትጠብቃለች፣ ከውስጥ የማንም ያልሆነ የዜማ ድምፅ ይመጣል። ምንም ዘሎ የሚወጣ ነገር ሳይኖር ከፊልሙ ክፉው ክፍል ይሄ ነው። ውጤቱም የታወቀ ነው፦ ልጁ ሻወር ቤት ብቻውን መግባት ያቆማል፣ ፊቱን ሳሙና ተቀብቶ ዓይኑን መጨፈን ይፈራል።

ግብዣው። ዊድያና ዋህዩ ሞተራቸው ጫካ ውስጥ ይቆማል። ብርሃንና ሙዚቃ ያለበት ድግስ ያገኛሉ፣ ይበላሉ፣ የሚወስዱትም ይቋጠርላቸዋል። ማደሪያቸው ደርሰው ጥቅሉ ሲፈታ ውስጡ የተቆረጠ የዝንጀሮ ራስ ነው። ከ10 ዓመት በታች ያለ ልጅ ይህን ካየ ማስፈራቱ አንድ ነገር ሆኖ ማቅለሽለሹ ይብሳል፤ ምግብ የሚገፋበት ቀን ሊኖር ይችላል። በግድ አታጉርሱት።

ቡናው። የመንደሩ ሽማግሌ ምባህ ቡዩት ጥቁር ቡና ያቀርባሉ፤ መንፈስ ለተጠጋው ሰው ይጣፍጠዋል፣ ላልተጠጋው ይመረዋል። ትዕይንቱ ራሱ አያስፈራም። ግን ቡና በቀን ሦስቴ በሚፈላበት ቤት ልጅ ይህን ይዞ ምን እንደሚሠራ አስቡት፤ ስኳር የጨመረውን ሁሉ በጥርጣሬ ነው የሚያየው።

እባቦቹ። ብዙ ናቸው፣ ሰው ላይ ሲጠመጠሙም ይታያሉ። እባብ የሚፈራ ልጅ ካለ ሌላውን መመርመር አያስፈልግም፣ በዚህ ብቻ ይቅርበት።

ቆሎ_በፊልም
ኧረ አታካብዱ! የሀበሻ ልጅ በአያ ጅቦና በጭራቅ ተረት አይደል እንዴ የሚያድገው። ጭራቅ ልጅ ይበላል፣ ልጁ ተረቱን ሰምቶ ይተኛል። ኢንዶኔዥያዎቹስ ልጆቻቸውን በዚሁ አይደል የሚያሳድጉት?

የጥላ_ጨዋታ
ወንድሜ፣ የመጨረሻው ጥያቄህ ትልቅ ነው፤ የተሳሳትከውም እዚያ ላይ ነው። ጃቫዎች ልጆቻቸውን በሚያስፈራ ታሪክ ያሳድጋሉ፣ እውነት ነው። ግን ታሪኩን ብቻውን አይሰጡም።

ዌዌ ጎምበልን ውሰድ። በሰማራንግ ከጎምበል ኮረብታ ጋር የምትያያዝ የሴት መንፈስ ናት፤ ፀሐይ ስትጠልቅ፣ በመግሪብ ሰዓት፣ ውጪ የቀረን ልጅ ትወስዳለች ይባላል። የምትወስደው ግን ወላጅ የዘነጋውን ልጅ ነው። አትበላውም፣ ትንከባከበዋለች፤ ወላጆቹ ሲጸጸቱም ትመልሳለች። ተግሣጹ ከልጁ ይልቅ ለአባትና ለእናት ነው።

ወይም ባታራ ካላን። ልጅ የሚበላ አምላክ ነው፣ የሚበላቸውም ተለይተው ይታወቃሉ፦ ብቸኛ ልጅ፣ መንታዎች፣ አንድ ወንድና አንድ ሴት ብቻ ያሉበት ቤት ልጆች፣ አምስት ወንድማማቾች፣ ሌሎችም። እንዲህ ያለ ልጅ ያለው ቤተሰብ ሩዋታን የሚባል ሥርዓት ያዘጋጃል። ዳላንጉ (አሻንጉሊት አጫዋቹ) የባታራ ካላን ታሪክ በዋያንግ፣ በቆዳ አሻንጉሊት ጥላ፣ ያጫውታል፤ በታሪኩም ውስጥ ካላ ይሸነፋል። ከዚያ ከልጁ ፀጉር ጥቂት ይቆረጣል፣ ልጁ በአበባ ውኃ ይታጠባል፣ አለቀ። አስፈሪው ታሪክ የሚነገረው ልጁን ከፍርሃቱ ለማውጣት ነው።

የሌሊቱ ዋያንግም እንዲሁ ነው። ከምሽት እስከ ንጋት ይዘልቃል፣ ልጆች ምንጣፍ ላይ እየተኙ እየነቁ ያያሉ፣ ምግብ አለ፣ ጎረቤት አለ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ ነገሩ ሲከር፣ ሰማርና ሦስቱ ልጆቹ ጋሬንግ፣ ፔትሩክ፣ ባጎንግ ብቅ ብለው ሰውን ያስቁታል። ቀልደኞች ናቸው፣ ግን ሰማር አምላክም ነው። የክፉው ኃይል እዚያ ላይ ይሰበራል።

ፊልሙ ከዚህ ሁሉ ጫካውን፣ መሥዋዕቱን፣ ዳንሷንና ቅጣቱን ወስዶ ሰማርን ትቶታል። የሚያስቅ የለም፣ የሚፈታ ሥርዓት የለም። ሽማግሌው እንኳ የሚችሉትን አድርገው ሁሉን ማዳን አይችሉም። ለአዋቂ ይህ ጥሩ ሲኒማ ነው፤ እኔም ከተመሰገነበት በላይ ሊመሰገን ይገባው ነበር እላለሁ፣ በተለይ የጋሜላኑ (የጃቫ ባህላዊ የሙዚቃ መሣሪያዎች ስብስብ) አጠቃቀም። የ9 ዓመት ልጅ ግን ታስሮ ያልተፈታ ነገር ይዞ ነው የሚነሣው።

አንድ ነገር ልጨምር። ልጆች «ጃቫዎች ሰይጣን አምላኪዎች ናቸው» ብለው እንዲወጡ አታድርጉ። ክጃዌን የሚባለው የጃቫ መንፈሳዊ ልማድ ከእስልምናው ጋር ለዘመናት አብሮ የኖረ ነው፤ ዋያንግም በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች መዝገብ ላይ ያለ ጥበብ ነው።

ቆሎ_በፊልም
እሺ ተረታሁ፣ ግን የአያ ጅቦ ጥያቄ አልተመለሰም።

የጥላ_ጨዋታ
አያ ጅቦን የምትተርክለት አያት የልጁን ፊት እያየች ነው። ዓይኑ ሲፈጥ ጅቡን ሞኝ ታደርገዋለች፣ ገደል ትከተዋለች። ስክሪን የልጁን ፊት አያይም።

ሥነ_ልጅ
ዕድሜን በተመለከተ። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ጆአን ካንተር የምትባል ተመራማሪ በልጆችና በሚያስፈሩ ፊልሞች ላይ ብዙ ዓመት ሠርታለች። ባጭሩ የሚወጣው እንዲህ ነው።

ከ3 እስከ 7 ገደማ፦ የሚያስፈራው መልክ ነው። ፊቷ የተለወጠች ሴት፣ እባብ፣ ድንገተኛ ጩኸት። በዚህ ዕድሜ «ውሸት ነው፣ ሜካፕ ነው» ማለት ብዙም አይሠራም፤ ልጁ ቢደግመውም አላመነውም። የሚሠራው ማጥፋት፣ ማቀፍ፣ የሚጠጣ ነገር መስጠት፣ እጁን በሌላ ነገር ማስያዝ ነው።

ከ8 እስከ 12፦ ልጁ ፊልም መሆኑን ያውቃል። አሁን የሚያስፈራው «ሊሆን ይችላል» የሚለው ነው። ይህ ፊልም ደግሞ የተሸጠው በእውነተኛ ታሪክነት ነው። ለ9 ዓመት ልጅ ፖስተሩ ላይ ያለችው ያቺ አንድ መስመር ከእባቡ ሁሉ ትከፋለች። መልሱ ግን አጭር ነው፣ በዚህ ዕድሜም ይሠራል፦ ጸሐፊው ማንነቱን ደብቆ ነው የጻፈው፣ የሰዎቹንም የመንደሩንም ስም ለውጧል፣ ያረጋገጠለት አካል የለም። በዚህ ላይ ተዋናዮቹን አሳዩት። ባዳራውሂን የሠራችው አውሊያ ሳራ ስትስቅ የሚያሳይ ቃለ መጠይቅ ብዙ አለ።

ከ13 በላይ፦ የተቆረጠውን ቅጂ ከአዋቂ ጋር፣ ሆረር ካየ ልጅ ከሆነ፣ ይቻላል ባይ ነኝ። 17+ን አይደለም።

«ይረሱታል» ለሚል፦ ካንተር ከክሪስተን ሃሪሰን ጋር በ1999 ባሳተመችው ጥናት ከተጠየቁት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች 90 ከመቶው በልጅነት ወይም በጉርምስና ያየነው ነገር ለረጅም ጊዜ አስፈርቶናል ብለዋል፤ 26 ከመቶው ደግሞ በተጠየቁበት ሰዓትም አልለቀቃቸውም ነበር።

ሌላ የሚዘነጋ ነገር ንባብ ነው። ንግግሩ ኢንዶኔዥያኛና ጃቫኛ የተቀላቀለ ነው፣ ማብራሪያው ሁሉ ያለው ከሥር በሚጻፈው ትርጉም ላይ ነው። እንግሊዝኛ በፍጥነት የማያነብ ልጅ ምስሉና ድምፁ ብቻ ይደርሰዋል፤ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ይፈራል።

ኑረዲን_ከዳር
ስለ ሃይማኖቱ አንድ ሰው መናገር ስላለበት እኔ ልናገር። ኑር ሒጃብ የምትለብስ፣ ሶላቷን የማታቋርጥ ልጅ ናት። መናፍስቱን ከሁሉ ቀድማ የምታየውም እሷ ናት። ሙስሊም ቤት ውስጥ ልጁ የሚጠይቀው ይታወቃል፦ «ትሰግድ የለ እንዴ፣ ታዲያ ለምን መጣባት?» መልሱን ሳታዘጋጁ አብራችሁ እንዳትቀመጡ። ኦርቶዶክስ ቤትም ጥያቄው ያው ነው፣ ስሙ ብቻ ነው የሚለየው።

ከዚህ ፊልም ውጪ ባሉት የጃቫ ሆረሮች ደግሞ ሁለት ነገር ጠብቁ። አንዱ ፖቾንግ ነው፦ ከፈን እንደለበሰ፣ ቋጠሮው ሳይፈታ የቀረ ሬሳ፣ እየዘለለ የሚሄድ። የእኛ ልጆች ከፈንን ወይም መግነዝን በእውን ያውቁታል፤ የአያታቸውን ቀብር አይተው ይሆናል። በቅርቡ ሐዘን በደረሰበት ቤት ፖቾንግ ያለበት ፊልም ጭራሽ አይከፈት። ሁለተኛው ኩንቲላናክ ናት፣ በእርግዝና ወይም በወሊድ የሞተች ሴት መንፈስ። እናት ነፍሰ ጡር በሆነችበት ቤት ልጁ ይህን ካየ ፍርሃቱ ስለ መንፈስ አይሆንም፣ ስለ እናቱ ነው የሚሆነው። አውጥቶም ላይናገር ይችላል።

ሪሞት_በእጄ
ቅጂውም ዕድሜውም ተነገረ፤ ወደ መሣሪያው እንምጣ።

መጀመሪያ ብቻችሁን እዩት። ወረቀት ይዛችሁ የመታጠቢያውን፣ የግብዣውን፣ የቢማንና የአዩን ትዕይንት ደቂቃ ጻፉ። ከ13ቱ ዓመት ልጅ ጋር ስታዩ ደቂቃው ከመድረሱ በፊት ዝለሉ፤ ምስሉ ከመጣ በኋላ ሪሞት መፈለግ ዋጋ የለውም።

በቀን እዩት። ቢያንስ ከመኝታ ሦስት ሰዓት በፊት ይለቅ። መብራት ይብራ፣ የጆሮ ማዳመጫ አይደረግ። የዚህ ፊልም ግማሽ ፍርሃት ድምፅ ነው፦ ጋሜላኑ በጣም ዝቅ ብሎ ይቆይና ድንገት ይዘላል። ቴሌቪዥኑ ወይም ሳውንድባሩ «ናይት ሞድ» ካለው አብሩት፣ ዝቅተኛውንና ከፍተኛውን ድምፅ ያቀራርበዋል። ሳብዉፈር ካለ ንቀሉት።

ኔትፍሊክስ ላይ ለልጁ የተለየ ፕሮፋይል ክፈቱ፣ የዕድሜ ገደብ አድርጉለት፣ የእናንተን ፕሮፋይል ባለ አራት አኃዝ ፒን ቆልፉ። ያንን ያላደረገ ሰው የልጁን ገድቦ የራሱን ክፍት ትቶታል። ከዚያ በስሙ የምታግዱት ፊልም ካለ በዚያው የወላጅ ቁጥጥር ገጽ ስሙን ጻፉ። ብዙ ሰው የማያውቀው፦ ስታልፉበት ብቻ በራሱ የሚጀምረው ማስተዋወቂያ (አውቶፕሌይ ፕሪቪው) የሚጠፋበት ቦታ አለ፤ ከብሮውዘር ገብታችሁ በፕሮፋይሉ የማጫወቻ ቅንብር ውስጥ ነው። ሙሉ ፊልሙን ያላየ ልጅ በ20 ሴኮንድ ማስተዋወቂያ ሊደነግጥ ይችላል።

ዩቲዩብ ላይ «ሪስትሪክትድ ሞድ» በአንድ ስልክ ብታበሩት ሌላው ላይ አይበራም፤ ልጁ ከ13 በታች ከሆነ በፋሚሊ ሊንክ (የጉግል የወላጅ መቆጣጠሪያ መተግበሪያ) አድርጉት። ቲክቶክ ላይ የወላጅንና የልጅን አካውንት የሚያገናኝ «ፋሚሊ ፔሪንግ» አለ።

ቴሌግራም ግን የልጅ ፕሮፋይል የለውም። የቪዲዮ አውቶፕሌይንና አውቶማቲክ ዳውንሎድን ከ«ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ» አጥፉት፣ የቀረው የእናንተ ዓይን ነው።

አዜብ_ነፋስ
በዚህ ላይ ስለ ትርጉም ፊልም አንድ ነገር። ተራኪው ሁለት ሰዓቱን ወደ 15 ደቂቃ ሲያጥፈው የሚቀረው ምኑ ነው? የሚያስደነግጠው። መተንፈሻ ቦታዎቹ፣ ተማሪዎቹ የሚቀላለዱበት፣ ቀኑ የሚነጋበት ሁሉ ተቆርጦ ይወጣል። የሳንሱር ገጹም የዕድሜ ቁጥሩም አብሮ ይወጣል፣ ከየትኛው ቅጂ እንደተወሰደ አይታወቅም። በዚያ ላይ «ይህ እውነተኛ ታሪክ ነው» በሚል ይጀመራል፣ ያውም በልጁ በራሱ ቋንቋ። ለ9 ዓመት ልጅ በአማርኛ የተተረከው አጭሩ ከዋናው ረጅሙ ይከብዳል ባይ ነኝ።

ድብብቆሽ
ይህን አላሰብኩትም ነበር፣ አመሰግናለሁ። እሺ፣ ልጁ አስቀድሞ አይቶት ቢሆንስ? ተቆጥቶ ስልክ መንጠቅ ነው?

ሥነ_ልጅ
አይደለም፤ ቁጣ ከመጣ ቀጥሎ የሚያየውን ይደብቃችኋል። መጀመሪያ ምን እንዳየ ጠይቁ፣ ታሪኩን ይናገር፣ አታቋርጡት። የቱ ጋ ድምፁ እንደሚለወጥ ልብ በሉ፣ የተጣበቀበት ትዕይንት እሱ ነው። ከ8 ዓመት በላይ ከሆነ ያንን ቦታ በቀን፣ ድምፁን አጥፍታችሁ፣ በትንሽ ስክሪን አብራችሁ ማየት ይቻላል፤ እሱ ከፈለገ ብቻ፣ ሪሞቱም በእሱ እጅ ይሁን። ትንሽ ልጅ ከሆነ ትዕይንቱን ደግማችሁ አታሳዩት።

ሻወር ቤት መግባት ከፈራ ለጥቂት ቀን በሩን ገርበብ አድርጋችሁ ውጪ ሆናችሁ አውሩት፤ በየቀኑ ትንሽ ራቅ በሉ። መኝታ ላይ መብራት መተው ጉዳት የለውም። አልጋችሁ ላይ ማስተኛት አንድ ሁለት ሌሊት ይሁን፣ ልማድ ከሆነ መመለሱ ይከብዳል። «አንተ ጎረምሳ ሆነህ ትፈራለህ?» የሚለውን ታላቅ ወንድም ዝም አስብሉት።

እንቅልፍ መረበሹ፣ ትምህርት መጥላቱ ወይም ምግብ መግፋቱ ከሁለት ከሦስት ሳምንት ካለፈ ባለሙያ ይየው። በቤቱ ስለ ዛር ወይም ስለ ቡዳ በቁም ነገር የሚወራ ከሆነም ጠንቀቅ ማለት ነው፤ ያ ልጅ ፊልሙ ሲያልቅ የሚያልቅ ነገር አድርጎ አይቀበለውም።

ሰምና_ወርቅ
ልጆቹ ከዚያው አገር፣ መንፈስ ያለበት ነገር እንያ ካሉ «ጁምቦ» አለላችሁ። የ2025 አኒሜሽን ነው፣ ዳይሬክተሩ ራያን አድሪያንዲ፣ እርከኑ ለሁሉም ዕድሜ። ዶን የሚባል ወላጆቹ የሞቱበት ልጅ ሜሪ የምትባል ትንሽ መንፈስ ያገኛል፣ እሷም እርዳታው ያስፈልጋታል። የምናወራበት «ኬኬኤን» ይዞት የነበረውን የኢንዶኔዥያ የተመልካች ክብረ ወሰን የሰበረውም ይኸው የልጆች ፊልም ነው፣ ከ10 ሚሊዮን ትኬት በላይ።

ኑረዲን_ከዳር
ጁምቦ ጥሩ ነው፣ ግን ወላጅ የሞተበት ወይም ወላጁ ስደት ላይ ያለ ልጅ ካለ እሱንም ቀድማችሁ እዩት። ያስለቅሳል።

ቆሎ_በፊልም
ለ13ቱ የተቆረጠውን በቀን፣ ለ9ኙ ጁምቦን። ሳብዉፈሩን ግን እኔ አልነቅልም 😅